የበርሜል አርባ አንድ ውታፍ

አምብሮዝ ሲሰል በሁለት የበርሜል ረድፎች መካከል፣ በአፈሩ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ከግራ ጆሮው በላይ ያለው አጥንት ወደ ውስጥ ገብቷል። አጠገቡ አንድ የእንጨት መዶሻ ወድቋል፤ እጀታው ላይ «ደ. ሪ.» የሚሉ ሁለት ፊደላት በጋለ ብረት ተተኩሰዋል።

ሰባ አራት ዓመቱ ነበር። ሃምሳውን ዓመት የኖረው የክሬክሮፍት ቤተሰብ ውስኪ የሚያረጅበትን ይህን ባለ ሰባት ፎቅ መጋዘን ሲጠብቅ ነው። የሞተው ደግሞ የውስኪ ቤቱ መቶኛ ዓመቱን በሚያከብርበት ቅዳሜ ማለዳ ነበር።

የአውራጃው መርማሪ ኦዴሳ ክሩም ሁለት ሰዓት ላይ ስትደርስ የነሐሴው ሙቀት የቆርቆሮውን ጣራ ማንጫጫት ጀምሯል። ውጭ ድንኳን የሚተክሉ ሰዎች ይሯሯጣሉ። በርጉ የሚሉት የአገሩ የሥጋና የአትክልት ወጥ የተጣደበት ትልቅ ድስት ሽታ እስከ መጋዘኑ በር ይደርሳል። ድግሱ ይቅር ብሎ የወሰነ ሰው የለም፤ ይቀጥል ብሎ የደፈረም የለም።

ሸሪፍ ሞብሊ በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ መልሶ ያደርጋል።

«እትዬ ኦዴሳ፣ ነገሩ ያለቀ ነው» አላት። «መዶሻው የደልፊን ሪቺ ነው። ሬሳውን ያገኘችውም እሷ ናት። ትናንት ከሰዓት ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ ተጣልተዋል።»

«ምን አለችው?»

«‹አንተ ካልሞትክ ይህን ቁልፍ አላገኘውም ማለት ነው› አለችው።»

«እንዲህ ብሎ የጮኸ ሰው በማግስቱ አይገድልም።»

«ለምን?»

«ያፍራላ።»

ሸሪፉ ሳቁን ዋጠ። «እንግዶቹ ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። እስከዚያ ሌላ ነገር ካላገኙልኝ ወደ እስር ቤት እወስዳታለሁ።»

ኦዴሳ የበርሜል ሠሪ ልጅ ናት። በቤተ ክርስቲያኗ ሥርዓት መሠረት በሃምሳ ስምንት ዓመቷ አንዲት ጠብታ ውስኪ ቀምሳ አታውቅም። ዝም ብሎ መቆም ግን አልሆነላትም፤ እጇ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያንኳኳል። አሁንም ሬሳው ዙሪያ እየተመላለሰች፣ በጣቷ መጋጠሚያ መደርደሪያዎቹን ታንኳኳ ነበር።

ከሬሳው ራስጌ አርባ አንድ ቁጥር የተጻፈበት በርሜል ተጋድሟል። ለበዓሉ የተመረጠው የዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ውስኪ ይህ ነው። ከበርሜል ውስጥ ናሙና የሚቀዳበት የመዳብ ቱቦ መደርደሪያው ላይ ተደግፏል፤ ጫፉ ገና እርጥብ ነው። በበርሜሉ ሆድ ላይ ያለው ቀዳዳ ግን በእንጨት ውታፉ ተደፍኗል፤ ውታፉ ከጣውላው እኩል እስኪሆን ተመትቶ ገብቷል።

የሟቹን የሽርጥ ኪስ ፈተሸች። አንድ ሌላ ውታፍ አለ፤ አዲስ፣ ነጭ፣ ደረቅ። ከዚያ ተንበርክካ የሟቹን ቀኝ መዳፍ አነሳችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«ምን ሸተተዎት?» አለ ሸሪፉ።

«ምንም አልሸተተኝም ማለት ይቻላል። ችግሩም እሱ ነው።»

ተነስታ በርሜል አርባ አንድን ከታች ወደ ላይ እያንኳኳች ወጣች። ድምፁ እስከ ጫፉ ድረስ ድፍን ነበር። አጠገቡ ያለውን አርባ ሁለትን አንኳኳች፤ እሱ ሁለት ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ባዶነቱን ተናገረ። በላያቸው እንደተጻፈው ሁለቱም በአንድ ቀን የተሞሉ ናቸው።

*

ደልፊን ሪቺ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ እጇ በካቴና ታስሮ ተቀምጣለች። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ በመጋዘኑ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሠርታለች። 

«መዶሻሽ የት ነበር?» አለች ኦዴሳ።

«የሁላችንም እዚያ ሚስማር ላይ ነው የሚሰቀለው። የቀረበውን ያነሳል ሰው።»

«ትናንት ምን ነበር ጠቡ?»

«የመጋዘኑ ቁልፍ ነዋ። ሐኪም እረፍ ብሎታል። አንድ ቀን ሰባተኛው ፎቅ ላይ ሙቀቱ ገደለህ ማለት ነው አልኩት። ቁልፉን ለእኔ ስጠኝ፣ ለባለቤቱም ንገርልኝ አልኩት። ‹ገና ነሽ› አለኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ገና!» የታሰረ እጇን ወደ በርሜሎቹ ዘረጋች። «ሰኞ ፍርድ ቤት ብቆም ማክሰኞ ይሄ መጋዘን ለሌላ ይሰጣል። ነፃ ቢሉኝ እንኳ ከዚያ በኋላ ቁልፍ በእጄ የሚያስይዘኝ የለም። ሌላ የማውቀው ሥራም የለኝ።»

«ገብቶኛል። ሞብሊ፣ እጇን ፍታልኝ፤ አርባ ሁለትን ትከፍትልኛለች።»

ደልፊን ሸሪፉ ከሚስማሩ ያወረደላትን ሌላ መዶሻ ይዛ ከውታፉ ግራና ቀኝ ጣውላውን መታ መታ አደረገችው። ውታፉ ዘሎ ወጣ። ኦዴሳ በቱቦው ትንሽ ቀድታ በጠርሙስ ያዘች። ቱቦውን ገና ከማውጣቷ ደልፊን ማንም ሳያዛት የወደቀውን ውታፍ በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ ከኪሷ አዲስ አውጥታ፣ በአንድ ምት ቀዳዳውን ደፈነች።

«አሮጌውን ለምን ጣልሽው?»

«አንዴ የዘለለ ውታፍ ጠርዙ ይቆስላል፤ ያስተነፍሳል። ጋሽ አምብሮዝ አሮጌ የመለሰን ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሰድበው ይውል ነበር።»

«ይህ አርባ አንድ ለምን እዚህ ታች ሆነ? መዝገቡ ሰባተኛ ፎቅ ነው የሚለው።»

ደልፊን ወደ ሬሳው አየችና ዓይኗን መለሰች። «ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው ያወረድነው። እኔ፣ እሱና ቀማሹ ኤልደን፣ እሑድ ቀን። እላይ ሙቀቱ ውሃውን ቀድሞ ይወስደዋል፣ ውስኪው እየጠነከረ ይሄዳል። መጨረሻው ግን እንጨት መጥባት ነው። እዚህ አፈሩ እርጥብ ነው፤ አልኮሉ ቀድሞ ይሄዳል፣ ውስኪው ይለዝባል። ‹ይህን ልጅ ፀሐይ አይብላብኝ› ብሎ ነው ያወረደው።»

«ለባለቤቱ ተነገረው?»

«ለአቶ ዋላስ? ጋሽ አምብሮዝ ለባለቤት የሚናገረው ጣራ ሲያፈስ ብቻ ነው።»

*

የቤቱ ዋና ቀማሽ ኤልደን ፋርሊ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ሰኔ ላይ ቀኝ ትከሻውን ቀዶ ሕክምና አድርጎ ክንዱ በጨርቅ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ኦዴሳ ከሁለቱ በርሜሎች የተቀዳውን በሁለት ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። አርባ አንድን ሸሪፉ ነበር የከፈተላት፤ ያንኑ ውታፍም እሷ ራሷ እንደነበረ መልሳ ነበር የገፋችው።

ኤልደን በግራ እጁ የመስታወት መለኪያውን ሲነክር ብርጭቆው ከጠርዙ ጋር ተንቃጨለ።

«አርባ ሁለት፣ አልኮሉ ሃምሳ ሦስት ከመቶ። ልክ ነው።» ሁለተኛውን አየ። እንደገና አየ። «ስድሳ ሰባት። አይሆንም። ሚያዝያ ላይ ከአምብሮዝ ጋር ለክተነዋል፤ ሃምሳ አራት ነበር።»

«ይህን የሚያውቀው ማነው?»

«እኔና እሱ። ደልፊንም ጠርሙሱን ይዛ ነበር። ዋላስ አልጠየቀንም።»

«ቅመሰውና ንገረኝ። እኔ አልጠጣም።»

ኤልደን ሁለቱንም በሚዛን ለክቶ፣ ሃያ ከመቶ እስኪደርሱ ውሃ ጨመረባቸው። «ሰው ጠንካራ መጠጥ ሳያቀጥኑ መጠጣት ጀግንነት ይመስለዋል» አለ። «አፍንጫ ግን ለጀግና አይታዘዝም። ይደነዝዛል።» መጀመሪያ አርባ ሁለትን አሸተተ፣ ቀመሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ ቀስ ብሎ ተፈታ። «ጥቁር ቼሪ። የደረቀ የትምባሆ ቅጠል። አሮጌ ኮርቻ። ሲውጡት ደረት ውስጥ ገብቶ ቁጭ ይላል፣ እንደ ዘመድ ያወጋል።»

«ሌላኛውስ?»

አርባ አንድን ቀመሰና ብርጭቆውን አራቀው። «የአምብሮዝ ድምፅ አለበት፤ ከሩቅ። ከፊቱ የቆመው ሌላ ነው። ያቃጥላል፣ ከዚያ ማንም የለም። በር አለው፣ ክፍል የለውም። እዚህ ውስጥ ነጭ አልኮል ገብቷል፣ ኦዴሳ።»

«እዚህ ግቢ ነጭ አልኮል ከየት ይመጣል?»

«በወረርሽኙ ጊዜ የእጅ ማጽጃ እንሠራ ነበር። ከዚያ የቀረ ሁለት በርሜል የእህል አልኮል ዕቃ ቤት አለ፤ ዘጠና አምስት ከመቶ። ዕቃ ቤቱ አይቆለፍም።»

ዕቃ ቤቱን ሄዳ አየችው። የአንዱ የብረት በርሜል ክዳን አቧራ የለበትም። የሌላኛው ክዳን ላይ ግን ስም መጻፍ ይቻላል።

*

ባለቤቱ ዋላስ ክሬክሮፍት ቢሮው ውስጥ ብርጭቆ ይደረድራል። አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሸሚዙ ከወዲሁ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። የደረደረውን አፍርሶ እንደገና ይደረድራል።

«ሁለት መቶ ሰው ይመጣል፣ ወይዘሮ ኦዴሳ። ምን ልበላቸው? አምብሮዝ ለእኔ እንደ አጎት ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ንግግሬን ስለማመድ።»

«የዛሬው በርሜል ዕድሜው ስንት ነው?»

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ሰባተኛ ፎቅ፣ ከጣራው ሥር። ማክሰኞ አምብሮዝን ‹አውርድልኝ› ብዬው ‹ታች አለልህ› አለኝ።» ወደ ግድግዳው ጠቆመ። በፍሬም የተሰቀለ፣ በእጅ የተጻፈ ሰንጠረዥ አለ። «አባቴ ነው ያዘጋጀው። የትኛው ፎቅ በስንት ዓመት ስንት ከመቶ እንደሚደርስ። ይህ ቤት የታወቀው በዚህ ነው፤ ውሃ ያልነካው ጠንካራ ውስኪ።»

ኦዴሳ ጠጋ ብላ በጣቷ ረድፉን ተከተለች። ሰባተኛ ፎቅ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት። ስድሳ ሰባት።

«አባትዎ መጋዘን ያሠሩዎት ነበር?»

«ክረምት ክረምት። በርሜል ከፍቼ ዞር ካልኩ ማጅራቴን ይለኝ ነበር።» ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ከንፈሩ ላይ አልቆየም።

«አምስት ሰዓት ላይ መጋዘን ይምጡልኝ። ሁላችሁንም እፈልጋለሁ።»

*

ሬሳው ተነስቷል። አፈሩ ላይ የቀረው ጠቆር ያለ ቦታ በኖራ ተከብቧል። ሸሪፉ፣ ኤልደን፣ ደልፊንና ዋላስ በርሜል አርባ አንድን ከበው ቆሙ። ኦዴሳ አዳዲስ ውታፍ የተሞላ ባልዲ አስመጥታ ሁሉም በሚያየው ቦታ አስቀምጣለች።

«ክፈችው» አለቻት ደልፊንን።

ደልፊን ጣውላውን መታች፤ ውታፉ ዘሎ አፈሩ ላይ ወደቀ። ሽታው ወዲያው ወጣ። የደልፊን እጅ ወደ ኪሷ ሄደ።

«ተዪው። ተቀመጪ። መጀመሪያ ላውራ።»

ደልፊን ተቀመጠች፤ ዓይኗ ግን ቀዳዳው ላይ ቀረ። የኤልደንም እንደዚያው። ዋላስ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ አንድ ወደ ኋላ አለ።

«ሸሪፉ ጠዋት አምብሮዝ ወድቆ ይሆናል ብሎ አስቦ ነበር፤ መዶሻውን እስኪያይ» አለች ኦዴሳ ሳትቸኩል። «እኔ መዶሻውን ሳላይም ወድቆ እንዳልሞተ አውቅ ነበር። ቱቦው እርጥብ ነው፤ ቀድቷል ማለት ነው። በርሜሉ ግን ተዘግቷል። የሞተ ሰው በርሜል አይዘጋም።»

«ገዳዩ ዘጋው» አለ ሸሪፉ።

«አዎ። ሰው ገድሎ መሮጥ ሲገባው ቆሞ በርሜል የሚዘጋ ምን ዓይነት ሰው ነው? ከውጭ የመጣ አይደለም። ውስኪ ሲተንን ማየት የማያስችለው፣ እዚህ ያደገ ሰው ነው።»

«በእግዜር፣ ቢያንስ አሁን ዝጉት» አለ ኤልደን።

«ቆይ። ቀጥሎ መዳፉ። አምብሮዝ ውስኪን የሚመረምረው ሁለት ጠብታ መዳፉ ላይ አሽቶ ነበር። አባቴም እንደዚያ ነበር። አልኮሉ ሲሄድ የሚቀረው ዕድሜው ነው፤ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስኪ ግማሽ ቀን መዳፍ ላይ ይውላል። የአምብሮዝ መዳፍ ግን ከሞተ ጥቂት ሰዓት ሳይሞላው ሽታው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። አምብሮዝ ከመሞቱ ጥቂት ደቂቃ በፊት ይህን በርሜል አንድ ሰው እንደነካካው አውቋል።»

ዋላስ በመሀረቡ አንገቱን ጠረገ። ጉንዳን የወረረው ይመስል እግሩን ያቀያይራል።

«በርሜሉ ደግሞ እስከ አፉ ሞልቷል። ጎረቤቱ አንድ ሦስተኛው ባዶ ነው። ለካነው፤ ስድሳ ሰባት። ዐሥራ አንድ ዓመት እርጥብ አፈር ላይ የተኛ ውስኪ ስድሳ ሰባት አይደርስም። ዕቃ ቤት ካለው ነጭ አልኮል ተጨምሮበታል። ማን ጨመረ? ደልፊን ይህን በርሜል በገዛ እጇ አውርዳዋለች። ኤልደን ሚያዝያ ላይ ሃምሳ አራት ብሎ ለክቶታል። ሁለቱም ስድሳ ሰባት የሚል ቁጥር እዚህ ወለል ላይ ውሸት መሆኑን ያውቃሉ። ይህን ቁጥር እውነት ለማስመሰል የሚለፋው፣ በርሜሉ ዕድሜውን ሁሉ ሰባተኛ ፎቅ ላይ እንዳሳለፈ የሚያምን ሰው ብቻ ነው። ስድሳ ስድስት ሳይሆን፣ ስድሳ ስምንት ሳይሆን፣ ሰንጠረዡ ላይ ያለውን ቁጥር። ተፈጥሮ እንዲህ በትክክል ለማንም አትታዘዝም።»

 ከጣራው በኩል የቆርቆሮው መንቋቋት ይሰማል። ኦዴሳ ከቦርሳዋ መነጽሯን አወጣች፣ በቀሚሷ ጠርዝ ወለወለችው፣ ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፣ እንደገና ወለወለችው። ቀዳዳው እንደተከፈተ ነው።

ዋላስ ጎንበስ አለ። ከአፈሩ ላይ የወደቀውን ውታፍ አነሳ፣ በሱሪው ጠረገው፣ ቀዳዳው ላይ አስቀምጦ ደልፊን ባስቀመጠችው መዶሻ መታው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ውታፉ ከጣውላው እኩል ሆነ። እፎይ አለ፤ ከዚያ ሁሉም እያዩት መሆኑን አየ።

«ባልዲው እግርዎ ሥር ነው» አለችው ኦዴሳ በዝግታ። «ሃያ አዳዲስ ውታፍ አለበት። ደልፊን ጠዋት አሮጌውን በእግሯ ገፍታ አዲስ ነው ያገባችው፤ እጇ ሌላ አያውቅም። ኤልደን መዶሻ ከፍ ማድረግ አይችልም። አምብሮዝ አዲሱን ውታፍ በኪሱ ይዞ ነበር፤ አሁንም ኪሱ ውስጥ አለ። እኔ ጠዋት ያገኘሁት ግን የቆሰለውን፣ ሦስት ምት ያረፈበትን ነው። ይህን የዘጋው እጅ በርሜል ክፍት መተው እንደሌለበት ያውቃል፤ በምን እንደሚዘጋ ግን አያውቅም። በልጅነቱ ግማሹን ብቻ የተማረ እጅ ነው።»

ዋላስ መዶሻውን መጣል ፈለገ፤ ጣቶቹ ግን አልላቀቅ አሉት። ሸሪፉ ጠጋ ብሎ ወሰደለት።

«ሌባ መስሎኝ ነበር» አለ ዋላስ። «ረቡዕ ለካሁት። ሃምሳ አራት። ሰንጠረዡ ስድሳ ሰባት ይላል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እየሰረቀ ውሃ የሞላበት መሰለኝ። የአባቴን በርሜል። ለሁለት መቶ ሰው ተናግሬአለሁ፣ ምን ላድርግ? ሐሙስ በነጭ አልኮል ሞላሁት። ዛሬ ጠዋት ሊከፍተው ሲል ቀድሜ ልነግረው መጣሁ፤ መስረቁን እንደማውቅበት። መዳፉን አሸተተና ‹ይህን ማን መረዘው?› አለኝ። እኔን! ‹ውሃ የሞላህበት አንተ ነህ› አልኩት።»

«ምን አለዎት?»

«ሳቀ። ‹አንተ ልጅ ሰንጠረዥ ትጠጣለህ እንዴ› አለኝና ጀርባውን ሰጠኝ።»

ኤልደን በደህናው እጁ ፊቱን ሸፈነ። «ሃምሳ አራቱ ነበር ትክክለኛው፣ ዋላስ። በሕይወቴ የቀመስኩት ምርጡ ነበር። ብትጠይቀን እኮ እንነግርህ ነበር።»

ዋላስ ወደ በርሜሉ ዞሮ ውታፉን በጣቱ ነካ። ሸሪፉ ክንዱን ይዞ ወደ በሩ ሲመራው፣ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ጠጠሩን እያንኮሻኮሹ ወደ ግቢው ይገቡ ነበር።

ሸሪፉ ከበሩ ላይ ዘወር አለ። «ደልፊን፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ዛሬ ወደ ቤትሽ ሂጂና እረፊ። ቃልሽን ሰኞ እንቀበላለን።»

ደልፊን ካቴናው ያረፈበትን አንጓዋን እያሸች ቀና ብላ ጣራውን አየች።

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ስድስት ሊሆን ነው።»

«የሰባተኛው ፎቅ መስኮቶች አልተከፈቱም» አለች። «በዚህ ፀሐይ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር መከፈት ያለባቸው። ማንም አላስታወሰም።»

ኦዴሳ ሸሪፉን አየችው። ሸሪፉ ከማስረጃው ከረጢት ውስጥ የአምብሮዝን ቁልፍ አወጣና አመነታ። ሕጉ ምን እንደሚል ሦስቱም ያውቃሉ።

«መልሰሽ ታመጪልኛለሽ» አላት።

«ማታ፣ ስዘጋቸው» አለች ደልፊን፤ ቁልፉን ተቀብላ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።